የዳሱ ቀርከሃ

ግንቦት 9
ከጥሊሊ የመጣው ድንች ዛሬም ረጥቦ ገባ። ለየሁት፤ የበሰበሰውን ጣልኩ። ከሰዓት ሱቁን ዘግቼ በባጃጅ ወደ ገጠር። የሃምሳ አለቃ ቸኮል ቀብር።

ሰው ብዙ ነው። ዳሱ ደግሞ! ጎረምሶቹ ተባብረው ያቆሙት። ቀጥ ያለ፣ በደንብ የደረቀ ቀርከሃ። በእጄ ዳበስኩት። እንዲህ ያለ ገበያ ላይ አይገኝም። ለሳቸው ይገባል አልኩ።

አላለቀስኩም። ድምፃቸው ነው የመጣብኝ። ከጦር ሜዳ እያነከሱ ተመልሰው የቀርከሃ ወንበርና ቅርጫት ይሠሩልኝ ነበር። በዋጋ ስንከራከር፣ “አንቺ ሴትዮ፣ ወንዙንም ብታገኚው በጆግ ትሸጪዋለሽ!” ይሉኛል። የወንዙን ድልድይ ግን በነጻ። ክረምት በመጣ ቁጥር አሮጌውን ፈትተው አዲስ ያስራሉ። መንደሩን ሁሉ እንደ ወታደር አሰልፈው። ቄሱን ሳይቀር፣ “አባ፣ ቀጥ ይበሉ!” ሲጨርሱ ጥንካሬውን ሊፈትኑ መሐሉ ላይ እግራቸውን አንጠልጥለው ይቀመጣሉ፤ ቆሏቸውን በልተው ሳይጨርሱ ማንም አይሻገርም።

ግንቦት 13፣ ጠዋት
ማስተዋል ደወለች። ልጄ ከወንዙ ማዶ ናት፣ ባሏ ቤት። የመጀመሪያ እርግዝናዋ ነው። ወሯ ገብቷል። ሕፃኑ አልዞረም፤ ሆስፒታል ካልሆነ እንዳትወልድ ተብላለች። ኔትወርክ ተቋረጠ።

ዝናቡ ዘንድሮ ቸኮለ። ወንዙ ሞልቷል። ድልድይ የለም። ሃ/አለቃ አሮጌውን ፈትተው፣ አዲሱን ሳያስሩ ነው የሞቱት። በላይ በኩል ዞሮ በቃሬዛ? መንገዱ ገደል ነው፤ በዚህ ጭቃ ተሸካሚውም ይወድቃል።

ተረጋጊ እላለሁ። ለራሴ።

ግንቦት 14
ቀርከሃ ፍለጋ አዘና ድረስ። ያለው ሁሉ እርጥብ፣ አሁን የተቆረጠ። ሰው ሲወጣበት ይጎብጣል። ሃ/አለቃ በበጋ ቆርጠው ቤታቸው ጀርባ በጥላ ያደርቁ ነበር። ባለቤታቸው ዘንድ ሄድኩ። እታለም ጥሩዬ፣ የዘንድሮው የት አለ?

በአገጫቸው ወደ ዳሱ አመለከቱኝ።

ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩ። ልጆቹ እሳቸውን ለማክበር ብለው ከጓሮ ያገኙትን አንስተዋል። የድልድዩን ቀርከሃ። ማንም አላሰበም። እኔም ዳብሼ አደነቅሁ! ረጃጅሞቹ አልተቆረጡም፤ ጣሪያው ላይ በሙሉ ቁመታቸው አሉ።

ግንቦት 15
የሟቹ ወንድም አያ ታደለ እምቢ አሉ። ዳሱ እስከ አርባው አይነካም። እንደ ነጋዴ ተነጋገርኩ፦ ሸራ ከሱቄ፣ ብረት በኪራይ፣ በዚያው ቀን ሌላ ዳስ አቆማለሁ። ሰው ፊት፣ “ሐዘን ቤት ገበያ ይዘሽ መጣሽ?” አሉኝ። ከኋላ አንዷ ሳቀች። ጎረምሶቹ መሬት መሬት ያያሉ።

መንገዱን ሁሉ ዘነበ። ቤት ገብቼ ለጸሎት ቆምኩ። እዚያም ዋጋ እያቀረብኩ ነበር። ይህን ብታደርግልኝ ያን አደርጋለሁ። ሌላ ልመና አላውቅም።

ግንቦት 16፣ ከቀኑ 10 ሰዓት
ማስተዋል ወገቤን ያዝ ለቀቅ ያደርገኛል እንጂ ምጥ አይደለም ትላለች። ድምጿን አውቀዋለሁ። ሱቁን ዘጋሁ። ከድንቹ ጆንያ ላይ ተደፍቼ ጮህኩ። ማንም አልሰማም፣ ዝናብ ነው።

በር ተንኳኳ። እታለም ጥሩዬ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ። ለአያ ታደለ ነግረው መምጣታቸው ነው። “ባሌ ድልድይ ሲያስር እንጂ ዳስ ሥር ሲቀመጥ አይቼው አላውቅም” ብለዋቸው። ጎህ ሲቀድ የዳሱን የመጀመሪያ ገመድ እኔ እፈታለሁ፣ አንቺ ገመድና ሸራ ይዘሽ ድረሽ፣ አሉኝ። እግራቸውን ስሜ...

አሁንም ልቤ አላረፈም። ጎረምሶቹን በስልክ ጠየቅሁ። ሃ/አለቃ ድልድዩን ሲያስሩ አይተናል ይላሉ። አንዱ ገመዱ ሁለት ጊዜ ይዞራል ሲል፣ ሌላው ሦስት ይላል። ወንዙ ይጮሃል ይላሉ። አማቼ ማስተዋልን በቃሬዛ አድርጎ ማዶ ይጠብቃል። መሐሉ ላይ ማን እንደሚቀመጥ ጠየቅኋቸው። ስልኩን አንዱ ለሌላው ያቀብላል።

ልጆች ናቸው። እናት አላቸው። እታለም አርጅተዋል።

ዋና አልችልም። ቢሆንም ማስተዋልን ሳልቀመጥበት አላሻግራትም።

ቆሎውን ቋጥሬያለሁ።