በማለዳ የመጡት ጋቢ ሰብሳቢዎች

ሮብ ገበያ፣ ነሐሴ ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፭ ዓ.ም.

ልጄ ባዘዘው፣ የረገጥከው መሬት ይርጋልህ፤ እመብርሃን በመጎናጸፊያዋ ትጋርድህ። እኔ ካንተ ሐሳብ በቀር ደህና ነኝ። ገብሱ ዘንድሮ መልካም ነው፤ ላሚቱም ወልዳለች።

ባለፈው ሮብ ገና ሳይነጋ ግራዝማች አለነ ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ። በዚያ ሰዓት ሰው ተሰብስቦ የሚመጣው ለመርዶ እንደሆነ ታውቃለህ። «ልጅሽ ያለበት አገር ምድር ተንቀጥቅጦ ከተማ ፈረሰ» ሲሉኝ የቀረውን አልሰማሁም፤ ደረቴን እየመታሁ ጮህኩ። ጎረቤቱ ሁሉ እያለቀሰ ደረሰ። እሳቸው ግን ማርቆስ ላይ ትንሽ የእርዳታ ማኅበር አቋቁመናል፣ ለተጎዱት ጋቢ ልንሰበስብ ነው፣ የማለድነውም ገበያ ሳትወጪ ብለን ነው አሉኝ።

አላመንኳቸውም። ለቅሶዬን አይተው ደንግጠው መርዶህን የሸሸጉኝ ይመስለኛል። ከዚያ ወዲህ ጎረቤቶቼ ውኃ እንኳ ይቀዱልኛል፤ ልጇ ደህና ለሆነ ሴት ውኃ የሚቀዳ ማን አለ? ሰሞኑን የመጣውን፣ ደህና ነኝ ያልክበትን ደብዳቤ ያነበቡልኝ መሪጌታም የግራዝማች አማች ናቸው። ይህን ያስጻፍኩት በሌላ ሰው ነው።

ጋቢ ግን ሰጥቻለሁ። ለሰርግህ የፈተልኩትን ነው፤ ጠርዙን በቀይ ክር ሰፍቼዋለሁ። ማኅበሩ እውነት ከሆነ እዚያ ይደርሳል። እባክህ ፈልገህ ልበሰውና ፎቶ ተነሥተህ ላክልኝ። የድሮ ፎቶህን ማንም ሊያመጣልኝ ይችላል፤ ያን ጋቢ ለብሰህ የተነሣኸውን ግን ካንተ በቀር የሚልክልኝ የለም።

ከዚያ ቤቱ ለፈረሰበት ሰው አልብሰው። እግዚአብሔር የነሱን ለነሱ፣ አንተን ለኔ ያትርፍልን።

እናትህ ሥራነሽ