ጫማዋን እይ

ጥቅምት 4፣ 1970። ዓርብ

ሙቀቱ ዛሬም አልቀነሰም። ከጁምዓ በኋላ ታይዋን ገበያ በሰው ተሞላ። ሁለት ሽርጥና አንድ ድሪያ ቀሚስ ሸጥኩ። አንዲት የከዚራ ሰፈር ሴትዮ የተሰቀለውን ሁሉ አስወርዳኝ፣ ነካክታ ነካክታ ሳትገዛ ሄደች። ገና ስትመጣ አውቄባታለሁ። ከላይ ሽቶ በሽቶ፣ የጫማዋ ተረከዝ ግን በአንድ ወገን አልቋል።

አዳዳ ሃዎ "አንቺ ልብስ እንጂ ሰው አታዪም" አለችኝ። የአባቴ እህት ናት፣ ያሳደገችኝም እሷ ናት፣ ያሻትን ትናገራለች። ግን ተሳስቼ አውቃለሁ? አሥራ አንድ ዓመት ልብስ ስሸጥ... ሰው አፉን ሳይከፍት ልብሱ ይነግረኛል።

ከሰዓት ነጋ መጣ። የቀበሌያችን አብዮት ጠባቂዎች አዛዥ። ደቻቱ ወንዝ ድልድይ ላይ ኬላ ሊያቆሙ ነው፣ ሴቶችን የምትፈትሽ ሴት ይፈልጋሉ። "ቱሪያ፣ አንቺ ልብስ ታውቂያለሽ። ሶማሊኛም ኦሮምኛም ታውቂያለሽ" አለኝ። እምቢ ይባላል? አይባልም። ደግሞ እውነቱን ለመናገር... ደስ አለኝ።

ጥቅምት 5። ቅዳሜ

ክንዴ ላይ ቀይ ጨርቅ አሰሩልኝ። ነጋ ትምህርት ሰጠን። ቤልቦተም ሱሪ የለበሰ፣ ፀጉሩን ያጎፈረ፣ አናርኪስት ነው። ሽርጥ ለብሶ ከገጠር የገባ፣ ከዚያድ ባሬ የተላከ ሰርጎ ገብ ሊሆን ይችላል። ሸራ ጫማ ያደረገ ከሁሉም የባሰ ነው፣ ለመሮጥ ተዘጋጅቶ ነው የመጣው። በሺር የሚባለው ጠባቂ "አቦ፣ ታዲያ እኛስ ምን እንልበስ ጓድ?" ብሎ አሳቀን። ነጋ አልሳቀም። 

ሰላም የማይሉኝ የነበሩ ሴቶች ዛሬ "እህቴ ቱሪያ" ይሉኛል። ሳልጠይቃቸው እጃቸውን ያነሳሉ።

ጥቅምት 10። ሐሙስ

ነጋ መቀሴን ከሱቅ እንዳመጣ አዘዘኝ። ለምን እንደፈለገው ጠርጥሬ ነበር? ይመስለኛል። አመጣሁለት።

የያዙት ቤልቦተም የለበሰ ወጣት ነው። ነጋ በመቀሴ ሱሪውን ከታች እስከ ጉልበቱ ሰነጠቀው፣ ሥጋውንም አብሮ። ወጣቱ "አስተማሪ ነኝ፣ አስተማሪ ነኝ" ይላል። ቀጥሎ ፀጉሩን ከነቆዳው ቆረጠው። ቀጥሎ በሰደፍ አፉን መታው። ሁለት ጥርስ አስፋልቱ ላይ... ከዚያ በኋላ አስተማሪ ነኝ አላለም።

መቀሱን ሦስት ጊዜ አጥቤ ወደ ሱቅ መለስኩት።

ጥቅምት 15። ማክሰኞ

ሰው ሞተ። ዓይኔ እያየ።

ከመጋላ ሰፈር በኩል መጣ፣ ድልድዩ አፍ ላይ ሲደርስ እኛን አየና ወደኋላ ዞረ። ወደ ወንዙ ወርዶ በደረቁ አሸዋ ላይ መሮጥ ጀመረ። ሸራ ጫማ። ነጋ አንዴ "ቁም!" አለ። ወዲያው በሺር ተኮሰ። በግንባሩ ተደፋ፣ እግሩ ግን ገና አሸዋውን ይገፋ ነበር። ኪሱ ውስጥ እፍኝ ጫትና የባቡር ትኬት። ሌላ ምንም የለም። ደረቱ ላይ ወረቀት ለጥፈው እስከ አሥር ሰዓት ፀሐይ ላይ አዋሉት። በሺር ጫማውን አውልቆ ለካው። ጠበበው።

ቤት ስገባ "ንጹሕ ቢሆን ለምን ይሮጣል?" አልኩ። አዳዳ ሃዎ "አንቺ ጠመንጃ ቢደግኑብሽ ምን ታደርጊያለሽ?" አለችኝ።

"እቆማለሁ።"

"እንግዲያው ከአፈሙዙ በኩል አይተሽው አታውቂም።"

ራቴን አልበላሁም። ስላልራበኝ ነው። ስላልራበኝ ብቻ።

ጥቅምት 21። ሰኞ

ጠዋት ነጋ በሰው ፊት ሰደበኝ። ከሁለት ሳምንት በላይ ቆመሽ አንድም ሰው አልያዝሽም አለ። "ከዓይኗ ምንም አያልፍም ሲሉኝ ነበር፣ ለካ የገበያ ወሬ ነው!" ጠባቂዎቹ ሳቁብኝ።

ሦስት ሰዓት ላይ የጀልዴሳ መንደር ወተት ሻጮች መጡ። አምስት ሴቶች። የመጨረሻዋ ረጅም ናት፣ ሰፊ ጥቁር ድሪያ ለብሳለች፣ ከሌሎቹ ወደኋላ ቀርታ ቀስ እያለች ትራመዳለች። ከድሪያዋ ጫፍ ሥር... የወንድ ሸራ ጫማ። ድሪያ በሸራ ጫማ! ነጋ ወደ ሌላ እያየ ነበር። ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

"ነጋ፣ ጫማዋን እይ" አልኩ።

በሰደፍ ትከሻዋን መታት። ወደቀች። ወተቱ ተገለበጠ። በርግጫ ጎኗን፣ እንደገና ጎኗን። ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ በሶማሊኛ ጮኸች። ነጋ "ምን ትላለች?" አለኝ። ጫጫታ ነበር፣ ሴቶቹ "ሳሕራ! ሳሕራ!" እያሉ ይጮኹ ነበር። "አልሰማሁም" አልኩት። በፀጉሯ ጎትተው ወሰዷት።

ነጋ "ጎበዝ" አለኝ።

ጥቅምት 22። ማክሰኞ

ትናንት ውሸት ጻፍኩ። በገዛ ደብተሬ! ሰምቻታለሁ። "ኡር ባን ሌያሃይ" ነው ያለችው። እርጉዝ ነኝ። ሦስት ጊዜ አለችው። ሦስቱንም ሰምቻለሁ።

ጎበዝ እንዲለኝ ነው? ፈርቼ ነው? አላውቅም... ያ ረቢ።

ጥቅምት 24። ሐሙስ

አንድ ሰው ድልድዩ ላይ መጣ። ሽርጥ የለበሰ፣ ባዶ እግሩን። ከጀልዴሳ በእግሩ መጥቶ ጣቱ ደምቷል። ጉሌድ ይባላል፣ ጭነት መኪና ላይ ዕቃ ሲጭንና ሲያወርድ ነው የሚውለው። ከጠባቂዎቹ መሃል እኔን መርጦ በሶማሊኛ "ወላሸይ" አለኝ። እህቴ።

"ሚስቴን ይዘዋታል። በጫማው ነው አሉኝ። ጫማው የኔ ነው። ስምንት ወሯ ነው፣ እግሯ አብጦ የራሷ ጫማ አልገባ አላት። ወተቱ ሳይበላሽ ልድረስ ብላ በእኔው ወጣች። ሌላ ጫማ የለኝም... ይኸው" ብሎ እግሩን አሳየኝ።

ለዚህ ነው። እግሯ ስላበጠ።

"ማን እንደጠቆመባት ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም" አልኩት። ነጋ ሳይመጣ ሂድ፣ አንተንም ይይዙሃል፣ እኔ እጠይቅልሃለሁ አልኩት። "አላህ ይስጥሽ" ብሎኝ ሄደ። መረቀኝ! እኔን!

ጥቅምት 25። ዓርብ

ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጀርባ ያለው መጋዘን ውስጥ ነው ያሰሯቸው። ፈታሽ ስለሆንኩ ዘበኛው አልከለከለኝም። አሥራ አራት ሴቶች። አንድ ባልዲ። ሽታው አሁንም አፍንጫዬ ላይ ነው።

ሳሕራ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች። የውስጥ እግሯን በኤሌክትሪክ ገመድ ገርፈውታል። ያንን ያበጠ እግር። ቆዳ የለውም። ጫማውን ማን ሰጠሽ እያሉ ነው አሉ፣ ባሌ ስትል የባልሽን አለቃ ተናገሪ፣ አለቃ የለውም ስትል እንደገና ገመዱ...

በሶማሊኛ "ልጁ ይንቀሳቀሳል?" አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። 

"ሶማሊኛ ታውቂያለሽ" አለች። ስትጠይቀኝ አልነበረም። "ድልድዩ ላይም ታውቂ ነበር።"

 አጠገቧ ያለችው ኹርሲ የምትባል አሮጊት ያመጣሁትን ውሃ ከእጄ ተቀበለችና "ውጪ" አለችኝ።

ጥቅምት 26። ቅዳሜ

አሁን ነጋ ጋ መሄዴ ነው።  ደብተሩን አዳዳ ሃዎ ሣጥን ውስጥ እተወዋለሁ።

ኅዳር 9። ዓርብ

ትናንት ለቀቁኝ። አሥራ ሦስት ቀን። ግራ ጆሮዬ አይሰማም። ሲናገሩኝ ፊቴን ማዞር አለብኝ።

ያን ቀን ለነጋ በጠባቂዎቹ ፊት ነገርኩት። ጫማው የባሏ ነው፣ እግሯ አብጦ ነው፣ እርጉዝ ነኝ ስትል ሰምቼ ዋሽቼሃለሁ አልኩት።

"አንቺ አይደለሽም ያሳየሽኝ?"

"እኔ ነኝ። ተሳሳትኩ።"

"ማን ገዝቶሽ ነው ዛሬ የተሳሳትሽው?"

በጥፊ። ያንኑ ጆሮዬን ደግሞ በጥፊ። ከዚያ ቆም ብሎ ከላይ እስከ ታች አየኝ። ድሪያ ለብሻለሁ። ሁልጊዜ የምለብሰው ነው፣ ሦስት ሳምንት አጠገቡ ስቆም በድሪያ ነበር። "ድሮም ከእነሱ ነሽ፣ ልብስሽ ይናገራል" አለ። ቀዩን ጨርቅ ከክንዴ ቀደደው። በሰደፍ ሲለኝ ወለሉ ላይ ነበርኩ። ሌላውን አልጽፍም።

እዚያው መጋዘን ጣሉኝ። ከእነሳሕራ ጋር።

ኅዳር 10። ቅዳሜ

ስለ ልጅቷ ልጻፍ። ካልጻፍኩ ሊያንቀኝ ነው።

ጥቅምት 29 ቀትር ላይ ሳሕራን ምጥ ያዛት። ኹርሲ በሩን በቡጢ ደበደበች። በሺር መጣ። ሐኪም! አልነው። "ነጋን ልጠይቅ" ብሎ ሄደ፣ አልተመለሰም። ሳሕራ እግሯን መሬት ማስነካት አትችልም፣ ከጀርባዋ የሚይዛት ሰው ያስፈልጋል። ጉልበት የቀረው እኔ ጋ ነበር። እንድነካት አልፈለገችም። በኋላ ግን ምጡ ሲብስ ክንዴን ነክሳ ያዘች። ሥጋዬ ተቦጨቀ። ንከሺ አልኳት በልቤ።

ሴት ናት። አላለቀሰችም።

ኹርሲ ዘቅዝቃ ጀርባዋን መታ መታ አደረገቻት። አፏ ውስጥ እፍ አለችባት። እንደገና መታ መታ... ብዙ ሞከረች። በመጨረሻ ሳሕራ "በቃ፣ አትምቺያት" አለች። 

ከሻሼ ቀደን ጠቀለልናት። በሺር በሳሙና ካርቶን ይዟት ወጣ። ወዴት እንደሆነ አልነገረንም።

ከአምስት ቀን በኋላ ከከፍተኛው አንድ ካድሬ መጣ። ስም እየጠራ ወረቀት ያገላብጣል። ሳሕራ ጋ ሲደርስ "ይቺ ደግሞ ምን አድርጋ ነው?" አለ።

"ሸራ ጫማ" አለው ነጋ።

"ሌላስ?"

ሌላ የለም።

"ልቀቋት" አለና ወደሚቀጥለው ስም አለፈ። ጉሌድ በጀርባው አዝሎ ወሰዳት። በበሩ ስንጥቅ አየኋቸው።

ኅዳር 12። ሰኞ

አረፋ። ጎረቤት ለጎረቤት ሥጋ ላከ። እኛ ቤት አልደረሰም። 

ኅዳር 14። ረቡዕ

በሺርን መጋላ መንገድ ላይ ተከትዬ ያዝኩት። ጠመንጃ አልያዘም፣ ብቻውን ነበር። "የት ነው የቀበርካት?" አልኩት። ገፈተረኝ። ተነስቼ ሽርጡን ያዝኩት... አዎ፣ ሥራ በሌለው ቀን እሱም ሽርጥ ነው የሚለብሰው። "ከፈለግህ ተኩስ፣ ግን ንገረኝ።" ሰው ማየት ጀመረ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ። ከድልድዩ በታች፣ ደቻቱ ዳር፣ የወደቀው ግንብ ጥግ። ክረምት ጎርፍ የሚደርስበት ቦታ።

"በእጄ ነው የቆፈርኩት፣ ወላሂ" አለ። ምን እንድለው ፈልጎ ነው?

ኅዳር 16። ዓርብ

ጠዋት ሱቅ ተቀምጫለሁ። ጉሌድ ፊቴ ቆመ። ያው ሽርጥ፣ ያው ባዶ እግር፣ እጁ ላይ ዱላ።

"ማን እንደጠቆመባት ጠይቄሽ ነበር።"

"እኔ ነኝ" አልኩት።

  በዱላው መታኝ። አንዴ ትከሻዬን፣ አንዴ አፌን። ከተሰቀለው ልብስ ጋር ተያይዤ ወደቅኩ። ሦስተኛውን አንስቶ ተወው። "ሴት ከሆነች ዓምራን ልንላት ነበር" አለና እንደ ልጅ አለቀሰ።

ሁለት የገበያ ጠባቂዎች እየሮጡ መጡ። አንዱ ጉሌድን ከላይ እስከ ታች አየው። ሽርጡን። እግሩን። ዱላውን። ጠመንጃውን አቀባበለ። "ይሄ ሰርጎ ገብ ነው የመታሽ?"  ጉሌድ አልሮጠም። ቢገድሉትም ደንታ ያለው አይመስልም ነበር።

አፌ በደም ተሞልቷል። ተፋሁትና "ዘመዴ ነው" አልኩ። "የቤተሰብ ጠብ ነው። የበደልኩት እኔ ነኝ።"

"አለባበሱ እኮ..."

"ስሙ ጉሌድ ነው። ጭነት ሠራተኛ ነው። ሚስቱ ሳሕራ ትባላለች፣ ከጀልዴሳ ወተት ታመጣልናለች። ሌላ ምን ልንገርህ?"

አፈሙዙን ዝቅ አደረገ። ሰድቦን ሄደ።

ጉሌድ ሊሄድ ዞረ። "ዓምራን የት እንዳለች አውቃለሁ" አልኩት።

ሱቁን እንደተከፈተ ትቼው ወጣሁ። እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ። በድልድዩ ስናልፍ ነጋ ነበር፣ አየኝ። አልቆምኩም። ግንቡ ጥግ አፈሩ ገና አልጠነከረም። ጉሌድ አጎንብሶ አየው።

"ፊቷ ወደ ቂብላ ዞሯል?"

"አላውቅም።"

ዱላውን ጥሎ ተንበረከከ፣ በእጁ አፈሩን መጫር ጀመረ። ወደ ጀልዴሳ ይዟት ሊሄድ ነው። እኔም ከወዲያ በኩል ተንበርክኬ ቆፈርኩ። ሂጂ አላለኝም።

አሁን ቤት ነኝ። ጥርሴ ይነቃነቃል፣ ጥፍሬ ውስጥ አፈር አለ። አዳዳ ሃዎ ውሃ አሙቃ አጠገቤ ተቀምጣለች፣ ጽፌ እስክጨርስ እየጠበቀች።