ጤነኛ የተባለው ደም፦ ዶክተር ወሰንየለሽ ጎሳዬ (1970–2017 ዓ.ም.)

ዶክተር ወሰንየለሽ ከአባታቸው ከአቶ ጎሳዬ ኤርጫፎ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ መብራት ሎምቤ በ1970 ዓ.ም. በሆሳዕና ከተማ ተወለዱ። የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ፤ እኛ ታናናሾቻቸው ስንታመም ከሐኪሙ ቀድመው የሚያውቁብን እሳቸው ነበሩ።

ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በኬሚስትሪ ከተመረቁ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2004 በዲቪ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ገቡ። ሊንደን በሚባል ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይተው፣ በአውቶቡስ እየተመላለሱ አረጋውያንን እየተንከባከቡ ዳግም ተማሪ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ2006 ከአቶ ደጀን ቢሩክ ጋር ጋብቻቸውን ፈጽመው ዮአብንና ሶልያናን አፈሩ። እ.ኤ.አ. በ2014 ዶክትሬታቸውን ተቀበሉ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ዕድሜያቸው የአውራ ጣት ጥፍር በምታክል የመስታወት ቺፕ ላይ አለቀ። ቺፗ በደም ውስጥ እጅግ ጥቂት የሆኑ የበሽታ ፕሮቲኖችን፣ ከፀጉር በቀጠነ ቦይ ውስጥ በኤሌክትሪክ እየነዳች አንድ ቦታ ታከማቻለች፤ ሲከማቹም አረንጓዴ መስመር ሆነው ይታያሉ። ሐሳባቸው የቆሽት ካንሰርን ሳይባባስ ማግኘት ነበር። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለጠየቃቸው ሁሉ፣ ገበያ መሐል የተበታተኑ ሌቦችን አንድ በር ላይ እንደ ማጠራቀም ነው እያሉ ያስረዱ ነበር።

ቺፗ በትክክል መሥራቷ እንዲታወቅ ከታማሚ ደም ጎን የጤነኛ ሰው ደም ይፈተሻል። ለዚህ የሚሰጡት የራሳቸውን ደም ነበር። ማርች 2023 ላይ ጤነኛ በተባለው ደም ቀጭን መስመር ታየ። ጥፋቱን በቺፗ ላይ ጣሉ። ቦዩን አጠቡ፣ ኤሌክትሪኩን ቀነሱ፣ ቺፗን እንደ አዲስ ሠሩ፤ መስመሩ ግን እየደመቀ ሄደ። እንዲህ ሲባል አሥራ ዘጠኝ ወር አለፈ። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ይባላል፤ የእኛ ውሻ ግን በሰዓቱ ጮኾ ነበር፤ ዝም ስናሰኘው ከረምን።

ኦክቶበር 2024 ዓይናቸው ቢጫ ሆኖ ሐኪም ዘንድ ቀረቡ። የበሽታውን ስም ሳይነገራቸው አወቁት። ሆስፒታል ተኝተው የላቦራቶሪ መዝገባቸውን አስመጡና፣ «ስህተት» ብለው የሰረዟቸውን ውጤቶች አንድ በአንድ «ትክክል» እያሉ አረሙ። እኛ አጠገባቸው ተቀምጠን ገጽ ከመግለጥ በቀር ያደረግንላቸው የለም። ጾምን፣ ጸለይን፤ አልሆነም። ሜይ 9 ቀን 2025 በተወለዱ በ47 ዓመታቸው አረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ እናታችንንና አራት ታናናሾቻቸውን ትተው ሄደዋል። አቶ ደጀን አንድ ነገር ሳይጻፍ እንዳይቀር አዘዋል። መስመሩ መታየት በጀመረ ሰሞን፣ አንድ ቅዳሜ ምሳ ላይ ዶክተር ወሰንየለሽ፣ «ይሄ ደም የሌላ ሰው ቢሆን ሐኪም ጋ ሂድ እለው ነበር» ብለዋቸው ነበር። አቶ ደጀንም «አንቺን? ጉንፋን እንኳን ይፈራሻል!» አሏቸው። ሁለቱም ሳቁ።

ጌታ እህታችንን በእቅፉ ያሳርፍልን። ለአቶ ደጀንም ያንን ምሳ የሚረሱበት አንድ ቀን እንኳ ይስጣቸው።