ውኃው ኮረብታው ላይ ሳይወጣ አትቅበሩን

እኔ ራምቡ ሐሙ፣ የሟቹ የኡምቡ ዌኡ ሚስት፣ በሱምባ ደሴት የላይ ታንጋ መንደር ነዋሪ፣ ዛሬ ኦገስት 9 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. በገዛ ፈቃዴ ይህን ቃል እሰጣለሁ። እግሬ ከድቶኛል፤ ደረቴም እንደ ድሮው አይታዘዘኝም። አእምሮዬ ግን ቦታው ላይ ነው። የሚጠራጠር ቢኖር፣ ከቤቴ ምን ምን ተውሶ እንዳልመለሰ አንድ በአንድ ልንገረው።

ቃሌን የሚጽፈው የመንደራችን መምህር ኡምቡ ታሙ ነው። ከእርሱ ጋር የአባቶቻችንን ሥርዓት የሚመራው ዋርሳዬ፣ ራቶ ንዲሉ፣ ምስክሬ ሆኖ ተቀምጧል። ወራሼ ልጄ ኡምቡ ሂና እና ሚስቱ ራምቡ ማሪም ይሰማሉ። ባለቤቴም እዚሁ አለ። ለእርሱ በሸመንኋቸው ጨርቆች ተጠቅልሎ ከምሰሶው ሥር ከተቀመጠ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ለቀብሩ ክብር የሚታረድ በቂ ጎሽ እስኪሟላ እየጠበቅን። ጠዋት ጠዋት የሚያኝከውን የፒናንግ ፍሬ ከፊቱ አኖርለታለሁ፤ ማታ ሳይነካው ስለሚቀር እኔው አኝከዋለሁ።

በመጀመሪያ፣ ቤቱና ከኮረብታው ሥር ያለው የበቆሎ እርሻ ለልጄ ለሂና ይሁኑ። ጣሪያውን የከደነው ራሱ ስለሆነ፣ ቢያፈስ ማንንም አይውቀስ።

ሁለተኛ፣ የሽመና ዕቃዬና በሣጥኔ ያሉት ጨርቆች በሙሉ ለማሪ ይሰጡ። ጨርቆቹን ለከፈኔ ብዬ ነበር በሥርና በቅጠል እያቀለምሁ የሸመንኋቸው፤ አሁን ግን ሁለት ይበቁኛል። ከባሌ ወገን ያሉ ሴቶች «እጇ ሻካራ ነው» እያሉ ሲያሟት ሰምቻለሁ። እጇን ያሻከረው እርሷ ተሸክማ እነርሱ የሚጠጡት ውኃ ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ጎሾቼ። ይህን በደንብ ስሙኝ።

ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ረጂ ድርጅት መጥቶ ከቁልቁለቱ ሥር፣ ከምንጩ አጠገብ፣ የፀሐይ ኃይል የሚሰበስቡ ሰሌዳዎች ተከለ። ፓምፑ ውኃውን እየገፋ ኮረብታው ላይ በአባቶቻችን መቃብር መካከል ወዳለው የውኃ ማጠራቀሚያ አወጣልን። ቧንቧውን ስንከፍት እንደ ሕፃን የሳቅን ትልልቅ ሰዎች ነበርን። በሦስተኛው ክረምት መብረቅ የፓምፑን መቆጣጠሪያ ሣጥን አቃጠለው። ረጂዎቹ ሥራቸውን ጨርሰው ሄደዋል። የወረዳው የውኃ ቢሮ «መንደሩ ግማሹን ያዋጣ፣ ለወደፊቱ ጥገናም ገንዘብ ያስቀምጥ፤ ቀሪውን እኛ እንሸፍናለን» አለ። ወንዶቻችን ተሰበሰቡና የለንም አሉ። በዚያው ሰሞን ለአንድ ሽማግሌ ቀብር ሰባት ጎሽ ታረደ።

በሚቀጥለው ክረምት ልጄ ሊካ ጀሪካን በጀርባዋ ይዛ ስትወጣ የቁልቁለቱ ጭቃ አዳለጣት። አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ከወደቀችበት ሆኖ ሲታይ ሰሌዳዎቹ ቅርብ ናቸው፤ ጥላቸው ሥር ፍየሎች ተኝተው ነበር። ለእርሷም ቀብር ክብር ተብሎ ሦስት ጎሽ ታረደ። የአንዱ ዋጋ ብቻ የመንደሩን ድርሻ ይሸፍን ነበር። ይህን ስናገር «ሐዘኑ ነው የሚያናግራት» ተባለ። አዎ፣ ሐዘኔ ነው። ዛሬም የሚያናግረኝ እርሱ ነው።

ስለዚህ ለባለቤቴና ለእኔ ቀብር ካሳደግኋቸው ዘጠኝ ጎሾች ስምንቱ ወደ ዋይንጋፑ ገበያ ወርደው ይሸጡ። ከዋጋቸው የመንደሩ ድርሻ ለፓምፑ ይከፈል፤ የተረፈው ለጥገናው ይቀመጥ። የገንዘቡ ቁልፍ ማሪ ዘንድ ይሁን። ወንዶቻችን ገንዘብ ሲያዩ ቀብር ትዝ ይላቸዋል። አንዱ ጎሽ ለሁለታችን ይታረድ።

እዚህ ላይ ልጄ አቋረጠኝ። የተባባልነውንም መምህሩ እንዳለ እንዲጽፈው አዝዣለሁ።

«እማዬ፣ ሰው ምን ይለኛል? እናት አባቱን እንደ ውሻ ጣላቸው አይሉኝም?»

«ይበሉህ። ውኃው ሲመጣ ለመጠጣት ሲሉ ወሬውን ማቆማቸው አይቀርም።»

ዋርሳዬም ተቆጣ። «እቴቴ፣ ቀልዱን ተይው! አንቺስ እሺ፤ ወንድሜ ይሄን ሁሉ ዓመት የጠበቀው ለአንድ ጎሽ ነው? ሁለት ሰው በአንድ ጎሽ ተጭኖ አባቶቹ ደጅ ሲደርስ አያሳፍርም?»

«ከአባቴ ቤት ሲያመጣኝም በአንድ ፈረስ ተፈናጠን ነው የመጣነው። ሳቃችሁብን እንጂ አልወደቅንም።»

«የዚያኛው መንገድ ሩቅ ነዋ! ጎሹ ቢደክምስ?»

«ሊካ ሦስት ይዛ ሄዳለች። አንዱን ታበድረናለች።»

ሂና ፊቱን ወደ አባቱ አዙሮ ሲያለቅስ አየሁ። እኔም አለቀስሁ፤ ማሪ መጥታ እጄን ያዘችኝ።

አራተኛና የመጨረሻ። ልጄን አውቀዋለሁ። ደግ ነው፤ ነገር ግን «ነገ» ማለት ይወዳል፤ የዘመዶቹንም አፍ ይፈራል። ስለዚህ ስሞት አታጣድፉኝ። በሁለቱ ጨርቆች ጠቅልላችሁ ከባሌ ጎን አስቀምጡኝ። እርሱ እስከ ዛሬ ጎሽ ሲጠብቅ ኖሯል፤ ከእንግዲህ ሁለታችንም ውኃ እንጠብቃለን። ፓምፑ ተጠግኖ ውኃው ኮረብታው ላይ በወጣበት ቀን፣ ማሪ ከቧንቧው ቀድታ የመቃብራችንን ድንጋይ ትጠበው። ያን ጊዜ ቅበሩን። ከዚያ በፊት ግን በአንድም ጎሽ በመቶም ጎሽ ቢሆን ከዚህ ቤት እንዳታወጡን።

ይህን ቃሌን ያፈረሰ፣ ጀሪካን ተሸክሞ ያንን ቁልቁለት ዕድሜ ልኩን ይመላለስበት። የጠበቀ ግን በጥም ቀን ውኃ አይጣ።

ተናዛዥ፦ ራምቡ ሐሙ (የአውራ ጣት አሻራ)

ጸሐፊና ምስክር፦ መምህር ኡምቡ ታሙ (ፊርማ)

ምስክር፦ ራቶ ንዲሉ (የአውራ ጣት አሻራ)። «አልተስማማሁም፤ መስማቱን ግን ሰምቻለሁ» ብሎ አጽፏል።

ወራሽ፦ ኡምቡ ሂና (ፊርማ)። ከፊርማው ሥር በራሱ እጅ እንዲህ ጽፏል፦ «እማዬ፣ ብዙ አላስጠብቃችሁም።»