ከቱታው አጠገብ የተሰቀለው ሸሚዝ

ግንቦት 14 ቀን

ለምወድህ፣ ለጊዜው ግን ለማላምንህ ባለቤቴ፣

እንደምን ሰንብተሃል? እኔና ልጆችህ ደህና ነን። ትንሿ የፊት ጥርሷ ወልቆ፣ “አባዬ መጥቶ ይየኝ” እያለች አፏን ከፍታ ነው የምትውለው።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። “ራቅ ያለ ቦታ የማሽን ጥገና ተገኘ” ብለህ ሻንጣህን ስታነሳ ዓይኔን አላየኸኝም። ከዚያ በፊትስ ቢሆን መቼ ነው እንደ ባልና ሚስት የተኛነው? እጄን ስዘረጋ “ደክሞኛል”፤ ምነው ብልህ ቁጣ። ከጋራዥ ስትመለስ ደግሞ ታጥበህ፣ ሸሚዝ ቀይረህ፣ ከረሜላ እየመጠጥክ! መካኒክ ባሏ ቅባት ቅባት ሳይሸት ሲገባ ሚስት ምን ትበል? ውሽማ ይዟል አልኩ።

ማክሰኞ ዕለት አላስችል ብሎኝ ጋራዥህ ሄድኩ። ከቱታህ አጠገብ ሰማያዊ ሸሚዝ ተሰቅሏል፤ እኔ አልገዛሁት፣ እኔ አላጠብኩት። በር ላይ ሻይ የምትሸጠው ሴትዮ፣ “እኔ ነኝ የማጥብለት” አትለኝም መሰለህ! ደሜ ፈላ። “አንቺ ነሻ!” ብዬ ስጮህባት ሠራተኛው ሁሉ መፍቻውን እየጣለ ወጣ። እሷ ግን ሳቀች።

“እህቴ፣ ይሄ እኮ የሲጋራ ሸሚዙ ነው። ሲያጨስ ይለብሰዋል፣ ወደ ቤት ሲሄድ ያወልቀዋል። ሚስቴ አፍንጫዋ አይጣል ነው ይላል።”

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አንተ ሰው፣ ስኳር አለብህ ያሉህ ጊዜ “ሲጋራ እርሜ ነው” ብለህ በልጆችህ ምለህልኝ አልነበረም?

በማግስቱ የስኳር ክትትል ክፍሏን ነርስ ሄጄ አነጋገርኳት። ሐፍረቴን ዋጥ አድርጌ የመኝታችንን ነገር ዘረገፍኩላት። ምንም አልገረማት። “ስኳሩም ሲጋራውም የደም ስር ይጎዳሉ። ሁለቱ ሲደራረቡ ብዙ ወንዶች አልጋ ላይ ይቸገራሉ። እነሱ ያፍራሉ፣ ሚስቶቻቸው ይጠረጥራሉ” አለችኝ። ሲጋራውን መተው፣ ስኳሩን መቆጣጠር ይረዳል፤ ሕክምናም አለው። ከመንገድ ላይ ክኒን እንዳትገዛ ግን አስጠንቅቃለች። ገዝተሃል እንዴ? ከጠረጠርኩ አይቀር ይሄንንም ልጠርጥር።

ልቤ ለሁለት ተከፍሏል። አንዱ “ምስኪን፣ ብቻውን ሲሳቀቅ ኖሯል” ይላል። ሌላው “እዚያ በሄደበትስ ሸሚዙን የምታጥብለት ማን ናት?” ይላል። እውነቱን ልንገርህ፣ የሚበረታው ሁለተኛው ነው።

ሰኔ ሰባት ሐኪም ፊት አብረን የምንቀመጥበት ቀጠሮ ይዣለሁ። አፍህ አልፈታ ካለ እኔ እናገርልሃለሁ። ብትፈልግ እዚያም ተቆጣኝ፣ ብቻ ና። ከቀረህ ግን ሴት ናት ብዬ እቆርጣለሁ።

የኔ ጌታ፣ እባክህ ምክንያቱ ሴት አይሁን፤ በሽታው ይሁን። ለባሏ እንዲህ የምትመኝ ሚስት ሰምተህ ታውቃለህ? እኔ ግን ጠዋት ማታ የምጸልየው ይህንኑ ነው።

ፈጣሪ ጤናህን ይመልስልህ፣ አንተንም ለቤትህ።

በር በሩን የምታይ ሚስትህ