ዘንጉም ይቆጠራል

ይድረስ ለምወድዎትና ለማከብርዎት አባቴ ለኖርቦይ፣ ካዛን።

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ብርዱ ጉልበትዎን እንዴት አደረገው? ያ ሳልስ ለቀቀዎት? እኛ ከናፍቆትዎ በቀር ሁላችንም ደህና ነን። ይህን በስልክ ያልነገርኩዎት አብረውዎት ለሚሠሩት ጮክ ብለው እንዲያነቡላቸው ብዬ ነው። አባዬ፣ አንጀቴ ቅቤ ጠጥቷል!

ከተማ ክብደት ማንሳት መማር ጀምሬ የለ? አሰልጣኟ ስንት ታነሻለሽ ብትለኝ፣ እርስዎ «ዘንጉ የሁሉም ነው፣ አይቆጠርም» ይሉኝ በነበረው መሠረት በግራና በቀኝ የሚገቡትን ክብ ብረቶች ብቻ ደምሬ አርባ አልኳት። «ዘንጉንስ ማን ያነሳልሻል፣ ድመትሽ?» ብላ ሳቀችብኝ። ለካ ዘንጉም፣ ብረቶቹን የሚይዙት ሁለት መቆለፊያዎችም ይቆጠራሉ! የወንዶቹ ዘንግ ሃያ ኪሎ ነው፤ መቆለፊያዎቹ ሁለቱ አንድ ላይ አምስት ኪሎ። ወዲያው እርስዎ ትዝ አሉኝና ደሜ ፈላ።

አብሮዎት ክብደት ያነሳ የነበረው ኤርጋሽ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በየሠርጉ «እኔ መቶ ሃያ፣ ኖርቦይ መቶ አምስት» እያለ ሲያላግጥብዎ ኖሯል። ለክፍለ ሀገሩ ቡድን እርስዎን ጥሎ የገባውም በዚሁ ቁጥር ነው። ያነሳችሁት በተለያየ ቀን፣ መዝጋቢው ደግሞ እሱ ራሱ፤ ማን ያስተያይ?

የናቭሩዝ በዓል ዕለት ሻይ ቤቱ ጢም ብሎ ሳለ ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። እንደ አድናቂ ሆኜ፣ ጋሽ ኤርጋሽ፣ ያን ቀን በየጎኑ ምን ምን ጫኑ አልኩት። ደረቱን ነፍቶ «ሃያ አምስት፣ ሃያ፣ ሁለት ተኩል!» አለ። አባቴ እኮ ራሱ እንደነገረኝ ሃያ አምስት፣ ሃያ አምስት፣ ሁለት ተኩል ነው የጫነው አልኩ። ሽማግሌዎቹ በጣታቸው መደመር ጀመሩ።

ሁለታችሁም ያነሳችሁት ያ አሮጌ ዘንግ እሱ ግቢ ወይን ደግፎ ቆሞ ነበር። ሽማግሌዎቹ አስነቅለው ከነመቆለፊያዎቹ የጥጥ ሚዛን ላይ አወጡት፤ ሃያ አምስት ኪሎ። የእሱ የሁለቱ ጎን ብረት ዘጠና አምስት፣ ከዘንጉ ጋር መቶ ሃያ ሆነ። የእርስዎ መቶ አምስት ደግሞ መቶ ሠላሳ! ለራሱ ዘንጉን ቆጥሮ የእርስዎን ዋጠው። ፀጉር አስተካካዩ ቶይር «አንተ፣ ይህን ሁሉ ብረት ውጠህ የሩዙ ፕሎቭ እንዴት ይወርድልሃል?» ሲለው ሰው በሳቅ ፈረሰ።

ኤርጋሽ ፊቱ አመድ መስሎ «ልጄ፣ ያለፈ ነገር ነው፣ የልጅ ልጆቼ ይሰማሉ» አለኝ። እኛስ ስንሰማ አላደግንም? ይስሙ አልኩት። አላዘንኩለትም፤ አዝኛለሁ ብዬ አልዋሽዎትም።

እናቴ አልቅሳ አልቅሳ አሁን ለጎረቤት ሁሉ መቶ ሠላሳ እያለች ትዞራለች፤ ሰላም ብላዎታለች። አያቴ ጉንጭዎን ስማለች። ወንድሜ ባቲር እጅዎን ይስማል። ቶይርም በጣም አድርጎ ሰላም ብሏል። ኤርጋሽ ደግሞ ሰላምታውንና ይቅርታውን እንድጽፍለት ሦስት ጊዜ ሰው ልኮብኛል።

አልጻፍኩለትም።

ልጅዎ ሙናቫር
ማርጊላን፣ ናቭሩዝ በዋለ በአራተኛው ቀን፣ 2019 እ.ኤ.አ.