ያጨበጨብነው ለምስጋና ነበር

ወድ ኤል ሒለው፣ መጋቢት 1991 ዓ.ም.

ውድ ወንድሜ አስናቀው፣

ሰላምታዬን ሾፌሩ አኑዋር በቃሉ ያደርስልሃል። ይህን ግን በሰው አፍ መላክ አልፈለግኩም፤ ከዚህ ገዳሪፍ እስኪደርስ ለስልሶ፣ አምሮበት፣ ሌላ ነገር ይሆናል። በመሠረተ ትምህርት በለቀምኳት ፊደል ራሴ ጻፍኩት። የተንጋደደ ካየህ ከንዴት ነው።

«ድርጅቱ ለሁለተኛው ቧንቧ ጉዳይ ከፋሲካ በኋላ ይመጣል። የምተረጉመው እኔ ነኝ። ሰዉን አዘጋጂልኝ» ብለህ ልከህብኛል። አኑዋር ሲነግረኝ ደሜ ፈላ። ሰዉን ለምን ላዘጋጅልህ? እንዲያጨበጭብልህ?

ረስተኸው እንደሆነ ላስታውስህ። ድርጅቱ መጀመሪያ የመጣው «ተሳትፎ» የምትል ቃል ይዞ ነው። ቧንቧው ከኾሩ ማዶ ገበያው ዘንድ ይተከል ወይስ ከኾሩ ወዲህ እኛ ሰፈር፣ እናንተው ወስኑ ተባልን። ኾሩን ታውቀዋለህ፤ በጋ ፍየል የሚተኛበት ደረቅ ቦይ ነው፣ ክረምት ሲሞላ ግን ሰው ይወስዳል። አንድ ጎጆ ውስጥ ሁለት ጣሳ አስቀመጡ፤ ለእያንዳንዳችን አንድ የማሽላ ፍሬ ሰጡን፤ ተራ በተራ ገብተን በፈለግነው ጣሳ ጨመርን። ሴቱም ወንዱም እኩል አንድ ፍሬ። እማማ ባፈና ከጎጆው ሲወጡ፣ «በደርግ ጊዜ ጎረቤት እያየኝ ነበር እጄን የማወጣው፤ ዛሬ ባሌም አላየኝ!» ብለው ሰዉን ሁሉ አሳቁት።

የእኛ ጣሳ በለጠ። እልል ያልነው ለውሃው ብቻ አልነበረም። በሰው አገር ተጠይቀን፣ መልሳችን ፍሬ በፍሬ ተቆጥሮ! አንተም አብረኸን ስትጨፍር ነበር።

ከዚያ የድርጅቱ ፈረንጅ፣ ኸዋጃው፣ ከሱዳኑ ሹም ከሙዘይን ጋር መጣና ረጅም ንግግር አደረገ። አንተ ከጎኑ ቆመሃል፣ እኛ መሬት ላይ ተቀምጠናል። የእሱን አፍ እያየን ያንተን ቃል እንሰማለን። ሲጨርስ ምን አልከን? «እንግዶቻችን ለእኛ ብለው ብዙ ደክመዋል፤ በጭብጨባ እናመስግናቸው።» እኛም መዳፋችን እስኪቀላ አጨበጨብን። እንግዳ ነዋ! በእንግዳ ፊት እጅን አጣጥፎ መቀመጥ የት አይተን? ኸዋጃው ደስ ብሎት አጎነበሰልን። እኔ ሞኟ ደግሞ በአጠገቤ ላሉት ሁሉ «ወንድሜ እኮ ነው» እላለሁ።

ገበያው ዘንድ መቆፈር ሲጀምሩ ቆፋሪዎቹ ተሳስተዋል ብለን ሙዘይን ቢሮ ሄድን። የእኛ ዐረብኛ የገበያ ስለሆነ የባለሱቁን የሱለይማንን ልጅ፣ አማርኛችንን የለመደችውን ሂያምን ይዘናት ነበር። ሙዘይን ግራ ገብቶት አየን። «ኸዋጃው ቱቦውን ኾሩን ማሻገር ስለሚከብድ ገበያው ዘንድ ይሁን፣ የተስማማ በጭብጨባ ያሳይ አለ። ሁላችሁ አጨበጨባችሁ። አንድ ሰው እንኳ አልተቃወመም። አሁን ምን ሆናችሁ ነው?» አለን። ሂያም ቃል በቃል ነገረችን። ሴቶቹ እኔን ላለማየት ግድግዳውን ማየት ጀመሩ።

አስናቀው፣ ደርግ እንኳ ሲያስጨበጭበን ለምን እንደምናጨበጭብ ይነግረን ነበር!

ክረምቱ ገባ። አምሳለ ጀሪካኗን ተሸክማ ከገበያው ስትመለስ ጎርፉ ደረሰባት። ወንዶቹ ጎትተው አወጧት፣ ዳሌዋ ግን ተሰብሯል። ዛሬም በበትር ነው የምትሄደው፤ ለሰሊጥ አጨዳ ቁረይሻ መውረድ ቀርቷል። ከእኔ ጋር ስንት ዓመት ጎን ለጎን ያጨደች ሴት አሁን በር ላይ ተቀምጣ ወጪ ወራጁን ታያለች።

ገዳሪፍ ድረስ መጥቼ ስጠይቅህ፣ «እትዬ፣ ብትከራከሩ ኖሮ ጭራሽ ይሰርዙት ነበር። ለእናንተው ብዬ ነው» አልከኝ። አምንሃለሁ። ጉቦ አልበላህም። ክፉም አይደለህም። የሚያቃጥለኝ ይኸው ነው! ሌባ ብትሆን ረግሜህ ይወጣልኝ ነበር። አንተ ግን ፈራህልን። ማን ፍራልን አለህ? ቧንቧው ቢቀርብንም እኮ በራሳችን እምቢታ ይቀርብን ነበር። አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል ይባላል፤ አንተ የእኛን አፍ ወስደህ የሰው ጤፍ ቆላህበት።

ባለፈው እሁድ ሰፈሩ ተሰበሰበ። አምሳለ በበትሯ መጥታ ተናገረች። «እኛ እንግዳ ፊት እምቢ ማለት አንችልም፤ አላደግንበትም። ስለዚህ እንግዳ ባለበት አይወሰን» አለች። ተስማማን። ኸዋጃው ይናገር፣ እንጠይቀው፣ በልቶ ጠጥቶ ይሂድ። ከሄደ በኋላ እርስ በርሳችን ተከራክረን በፍሬ እንመርጣለን፤ መልሱን በማግስቱ እንልክለታለን። ከእንግዲህ ጭብጨባ ለሠርግ ብቻ ነው።

ከዚያ ማን ይተርጉም የሚለው መጣ። ስምህን ደፍሮ የሚያነሳ ጠፋ። እኔን አፍረው ነው። እማማ ባፈና፣ «ፋናዬ፣ የእናትሽ ልጅ ነው። አንቺ ዝም በዪ፣ እኛ እንናገራለን፤ ማንም አይታዘብሽም» አሉኝ።

«ዝም ብል፣ ዝምታዬን ደግሞ ማን ይተረጉመዋል?» አልኩና ተነሳሁ።

ስምህን ጠርቼ አስናቀው አይሆንም አልኩ። በጀርባዬ አዝዬ ድንበር ያሻገርኩህን ልጅ! ሂያም ትሁን የሚል ተነሳ። ልጅቷ ካሰላ ተምራለች፣ የኸዋጃውንም ቋንቋ ታውቃለች። «ወላሂ፣ እኔ ያልገባኝን አልገባኝም እላለሁ። ስድብም ቢሆን እንደ ስድብነቱ እተረጉማለሁ፣ ኸላስ!» አለች። ሳቅን። በፍሬ መረጥን። ያንተ ጣሳ ባዶ ወጣ።

ይህን ከሌላ ሰው እንድትሰማው አልፈለግኩም። ወስኜብሃለሁ፤ አልጸጸትም፤ አልቅሻለሁም።

ከፋሲካ በኋላ ስትመጣ ሌላ ቤት እንዳታድር፣ አልጋህ እኔ ቤት ነው። ዶሮውንም እሠራልሃለሁ። ስብሰባው ላይ ግን ከኸዋጃው ጎን እንዳትቆም። ከእኛ ጋር መሬት ላይ ተቀመጥ። የምትለው ካለህ እጅህን አውጣ፤ ተራህ ሲደርስ እንሰማሃለን።

እህትህ ፋናዬ